በማይክራፎን የተባለ

በአባቴ ቤት ቴሌቪዥን የሚታየው ድምፁ ተዘግቶ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሪሞቱን ፈልጎ ድምፅ ሊጨምር ይሞክራል፤ አባቴ ደግሞ «ተወው፣ እየሰማሁት ነው» ይለዋል። እንግዳው የሽማግሌ ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። ቀልድ ግን አይደለም። አባቴ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኖቹ ከተነሱ በኋላ ጆሮው ሥር ሄደው ቢጮኹበትም ሰው አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ድምፅ ማውጣቱን ትተው፣ አፋቸውን ሰፋ አድርገው እየከፈቱ፣ አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ማውራት ለመዱ። «የከንፈር ወሬ» ነበር የሚሉት። በከንፈር ወሬ ቀጠሮ ይያዛል፣ ሰው ይታማል፣ ይጣሉበታል፣ ይታረቁበታል። ከቢሮ የሚመጣው ካቦ መሀላቸው ቆሞ ሲታማ ይውላል፤ አያውቅበትም ነበር።

ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ሆነው። አባቴ ጆሮውን እዚያው ትቶ፣ ዓይኑን ይዞ ወጣ። ዜና የሚያየው በዚያ ዓይን ነው። ማን ከወረቀት እንደሚያነብና ማን የማያምንበትን እንደሚናገር ከአፉ አውቃለሁ ይላል። ሁለተኛውን አላምነውም፣ ግን አልከራከረውም። የሚያናድዱት ወደ አማርኛ የተመለሱት የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ናቸው። የተዋናዮቹ አፍ አማርኛ ስለማይናገር አንድም ቃል አይገባውም። «እነዚህ ሰዎች ምን እያኘኩ ነው?» ይልና ቻናሉን ይቀይራል። እናቴ በሕይወት ሳለች እነዚያን ድራማዎች ትወድ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ከፖለቲካ ይልቅ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተኮራርፈዋል።

እኔ ሶሲዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አየር ጤና፣ ከጋራዦችና ከመለዋወጫ ሱቆች በላይ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ። ቤቴ ቤቴል ነው። አባቴ ግን ያደግሁበትን የኮልፌ ቤት ለቆ ወደ እኔ ለመምጣት እሺ ብሎ አያውቅም። ከማስተምራቸው ምዕራፎች የምወደው ስለ መገናኛ ብዙኃንና ርዕዮተ ዓለም የሚያወራው ነው። የድሮዎቹ ማርክሲስቶች ነገሩ ቀላል ነበረላቸው። ጋዜጣው የባለሀብቱ ነው፣ ባለሀብቱ ያዛል፣ ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ አለቀ። አዲሶቹ፣ ኒዮ ማርክሲስት የሚባሉት፣ ነገሩን አወሳሰቡት። ማንም አያዝዝም አሉ። ዜና የሚሠሩት ሰዎች አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንድ ዓይነት ቤት ያደጉ፣ አንድ ዓይነት ነገር የሚያስቃቸው ስለሆኑ፣ ለእነሱ «እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» የሚመስላቸው ነገር ያልፋል። የማይመስላቸው ደግሞ ማንም ሳይከለክለው ይቀራል። ተመልካቹም ተገድዶ ሳይሆን ወዶና ፈቅዶ ይቀበለዋል፤ እሱም የሚያውቀው ሌላ የለማ።

ለተማሪዎቼ የታክሲውን ምሳሌ እሰጣለሁ። ረዳቱ በዜና የሚታየው ትርፍ ሲጭን ወይም ከታሪፍ በላይ ሲያስከፍል ነው። ረዳቱና ሾፌሩ ማታ ለባለ መኪናው ይዘው የሚገቡት የቀን ገቢ እንዳለባቸው፣ ያንን ማን እንደወሰነ ግን የሚጠይቅ የለም። ባለ መኪናው ስክሪን ላይ ወጥቶ አያውቅም። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ጠዋት ከረዳት ጋር ተጨቃጭቀው ስለሚመጡ በዚህ ምሳሌ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ትንሽ ዝም ይላሉ። ያቺን ዝምታ ስለምወዳት ምሳሌውን ለዓመታት አልቀየርኩም።

አባቴ አንድ ቀን የምዘጋጅበትን መጽሐፍ አገላብጦ አየና «ጢማሞቹ አሁንም አሉ እንዴ?» አለኝ። በእሱ ጊዜ የሦስቱ ጢማሞች ምስል በፋብሪካው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሠራተኛው በየሳምንቱ ለውይይት እዚያ ይገባል፣ ርዕዮተ ዓለም ይማራል፣ ግማሹ ይተኛል። አባቴ ልጅ ሆኖ ጎጃም ውስጥ ዳዊት ደግሟል። ድምፁ የተሳለው እዚያ ነው። ስለዚህ የውይይቱን ጽሑፍ የሚያነበው እሱ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ማሽኖቹ ለምሳ ሲቆሙ በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ የሚያነበውም እሱ ሆነ። እኔ የማስተምረው ንድፈ ሐሳብ የካፒታሊስቱ ሚዲያ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚያስተኛ ነው የሚያወራው። አባቴ ደግሞ በሠራተኛው ስም፣ በሠራተኛው መንግሥት፣ በገዛ አፉ ሠራተኛውን ሲያስተኛ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። አይወጣም አልኩት፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

የማንንም ስም አልጽፍም። አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፣ ጎረቤቶቻችንም ናቸው።

አባቴ በሽመና ክፍል አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ከጦር ኃይሎች በፋብሪካው ሰርቪስ አብረው የሚሳፈሩ፣ ምሳ አብረው የሚበሉ። የጓደኛው ሚስትም እዚያው ክፍል ትሠራ ነበር። እንዲያውም የተዋወቁት በማሽን ማዶና ማዶ ቆመው በከንፈር ወሬ ነው። «ስሙን መጀመሪያ ያወቅሁት ከከንፈሩ ላይ አንብቤ ነው፣ ድምፁን የሰማሁት ሰርቪስ ውስጥ ነው» ይላሉ እትዬ። እትዬ የምላቸው እሳቸውን ነው፤ ዛሬ አሮጊት ሆነዋል፣ ከአባቴ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ይኖራሉ።

አንድ ቀን ፋብሪካው እንግዳ ሊቀበል ሽር ጉድ ሲል፣ የሬዲዮ ሰዎችም የምርት ዕቅዱ ከመቶ በላይ መፈጸሙን ሊቀርፁ መጡ። ማሽን እንዳይቆም ተባለ። የአንዱ ማሽን ቺንጊያ፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ቀበቶ፣ ሽፋኑ ለጥገና ወልቆ ነበር፤ ነገር ግን ቆሞ እንዳይታይ ተብሎ ክፍቱን ተነሳ። ቺንጊያው የአባቴን ጓደኛ በእጅጌው ያዘውና ጎተተው። ማሽኑ የቆመው ዘግይቶ ነው። ሰውየው ሆስፒታል ተወስዶ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሞተ። አባቴ አደጋው ሲደርስ ከጥቂት ማሽን ወዲያ ቆሞ ያያል። ሰውየው በሞተ ማግስት በምሳ ሰዓት ከቢሮ አንዲት ብጣሽ ወረቀት መጣችለት። «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም» ትላለች። አነበባት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ፋብሪካው አልተናገረም፤ ሰዉ ራሱ ሞላው። በሽመና ክፍል ያሉት እውነቱን ያውቃሉ፣ ግን እነሱ ጥቂት ናቸው፤ በዚያ ጊዜም እንዲህ ያለ ነገር በድምፅ አይወራም። ከሌላው ክፍል ያለው ሠራተኛና የሰፈሩ ሰው ግን ድንገተኛ ሕመም ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ጉበት ነው ተባለ። ጉበት ከሆነ አረቄ ነው ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ሰካራም ሆኖ ዐረፈው። እንደማንኛውም ሰው ለበዓል ይጠጣ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ የሚናገርበት አንድም ሰው አላገኘሁም። ሆኖም ወሬው አልከሰመም። የእትዬ ልጅ፣ ከእኔ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገው፣ ዛሬ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ በፋሲካ እንኳ ጠላ አፉ ላይ አያደርስም። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ለምን እንደማይጠጣ ስጠይቀው «የአባቴ በሽታ እንዳይዘኝ» አለኝ።

«እናትህ እኮ ጠጪ አልነበረም ይላሉ» አልኩት።

«እናት ሌላ ምን ትላለች?» አለኝና ለስላሳውን ቀዳ።

መንግሥት ተቀይሮ ጢማሞቹ ከግድግዳው ከወረዱ በኋላ አባቴ ሽማግሌዎች ይዞ እትዬ ቤት ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ልጅ ነበርኩና በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ አሉ። እትዬም አባቴን አዩትና «አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቂምም አልያዝኩብህ» አሉ። «እኔ የሞተበትን አውቃለሁ፣ እዚያው ነበርኩ። የማያውቁት ሌሎቹ ናቸው። በማይክራፎን የተባለ ነገር ሳሎን ውስጥ አይመለስም፤ በማይክራፎን የተባለ በማይክራፎን ይመለስ።»

አንደኛው ሽማግሌ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከተባለ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ሊያለዝቡ ሞከሩ። እትዬ ተነስተው ምሳ አቀረቡ። አባቴ በማግስቱ ፋብሪካ ሄዶ የፈረቃ አለቃውን ለመነው። ድምፅ ማጉያው ከጢማሞቹ ጋር አብሮ ተነቅሎ መጋዘን ገብቶ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ከዚያ ተዘጋ። አባቴና እትዬ ግን በደህና ጉርብትና ኖሩ፤ ሰላምታ አጉድለው አያውቁም። ጉዳዩ ሳይነሳና ሳይረሳ ቆየ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሪፖርተር ሆናለች። የሠራተኞች ቀን እየደረሰ ስለነበር ለበዓሉ ፕሮግራም ዕድሜውን በሥራ ያሳለፈ አንድ አባት ትፈልጋለች። «ቲቸር፣ እርስዎ ሰው አያጡም ብዬ ነው» አለችኝ። አባቴ እንቢ እንደሚል እርግጠኛ ሆኜ ነገርኩት። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ማይክራፎን ይዘው ነው የሚመጡት?»

ይዘው ይመጣሉ አልኩት። በዚያው ቀን እትዬ ቤት ሄዶ እንደነገራቸው ሰማሁ። እትዬም ለልጃቸው፣ ለበዓሉ እኔ ቤት ነህ፣ ቴሌቪዥን እናያለን አሉት። እንደ አስተማሪ ላስበው ስሞክር ነገሩ የሚያልፍ አልመሰለኝም። ለበዓል ፕሮግራም የሚፈለገው ምን ዓይነት አባት እንደሆነ ለሌሎች ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ግን ለሁለት አረጋውያን ንድፈ ሐሳብ ሄጄ አልነግርም ብዬ ተውኩት።

ሦስት ሆነው መጡ። አባቴን ግቢው ውስጥ ኮኩ ሥር አስቀመጡት። ጋቢ ይልበሱ ቢሉት እንቢ አለ፤ ኮቱን ለብሶ፣ የኮከብ ሠራተኛነት አርማውን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። አርማውን ወደዱለት። ከዚያ የካሜራ ባለሙያው የጥፍር ያህል የምትሆን ማይክራፎን ኮቱ ላይ ሰካለት። አባቴ ቁልቁል አያትና «ይቺ ናት?» አለ። ቅር ተሰኝቷል። ትልቁን ስጡኝ ብሎ ድርቅ ሲል፣ ለደስታው ያህል የጣቢያው ምልክት ያለበትን ሌላ ማይክራፎን አስያዙት። ያንን ደግሞ ደረቱ ድረስ ዝቅ አድርጎ ያዘው። ባለሙያው «አባባ፣ ወደ አፍዎ ያስጠጉት» ይላል፤ አባቴ አይሰማም። ጆሮው ያልሰማ መስሎኝ ተርጓሚ ሆኜ ለአባቴ ደገምኩለት። «አፌን ይሸፍነዋል» አለኝ። በሽመና ክፍል አፉን ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ጀርባውን እንደሰጠ ይቆጠር ነበር።

ተማሪዬ ጥሩ ጥሩ ጥያቄዎች ጠየቀችው። ለወጣቱ ምን ይመክራሉ አለችው፤ ሥራ አይናቅ፣ ሰዓት ይከበር አለ። ከዚያ ሳትጠይቀው ከወንበሩ ተነሳ። ድምፅ ማጉያው ፊት እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ካሜራውን እያየ የጓደኛውን ስም ከነአባቱ ጠራ።

«በሕመም አልሞተም» አለ። «ጠጥቶ አልነበረም። የማሽን ቺንጊያ ነው የወሰደው። እንግዳ ስለነበረ ማሽኑ አልቆመም። በሕመም ሞተ ብዬ በድምፅ ማጉያ ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

እያንዳንዱን ቃል አፉን ሰፋ አድርጎ፣ እየቆየ ተናገረው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የካሜራ ባለሙያውም ቀስ ብሎ ወደ ፊቱ አቀረበው። ተማሪዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «አባባ፣ በጣም ልብ ይነካል» አለችው። ከልቧ ነበር። እኔም ለአፍታ ንድፈ ሐሳቤን ተጠራጠርኩና ደስ አለኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ደወለች። «ቲቸር፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አባባ በጣም አምረዋል። ትንሽ አሳጥረነዋል።»

«የመጨረሻውስ ንግግር?»

«እሱ ከበዓሉ ድባብ ጋር አልሄደልኝም። ምስሉን ተጠቅሜበታለሁ፤ ድምፁን አጥፍቼ ሙዚቃ አስገባሁበት፣ በላዩ እኔ ተርኬዋለሁ።»

«ማን አጥፊ አለሽ?»

«ማንም። አለቃዬ ገና አላየውም፣ ኤዲተሩም ምንም አላለም። የፋብሪካውን ሕንፃ አሁን የያዙት ሰዎች ማስታወቂያ ይሰጡናል፤ ግን እመኑኝ፣ እነሱን አስቤም አይደለም። ዝም ብሎ... ለበዓል አይሆንም ቲቸር። ያስታውቃል እኮ።»

«ይህንኑ እኮ ነው ፈተና ያወጣሁልሽ።»

«አስታውሳለሁ» አለች። «ኤ ነው ያገኘሁት።»

እየተሳለቀችብኝ አልነበረም፤ እንደዚያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስልኩን ስዘጋ በእሷ ተናደድኩ፤ ቆይቶ በእሷ መናደዱም አልሆነልኝ። በጣም ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ማንም ሳይነግራት የማያልፈውን አወቀች። የከፋኝ ለሌላ ነው። በማግስቱ እትዬ አምሮባቸው፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቁትን ሊያዩ ተሰናድተዋል።

ጠዋት ወደ እትዬ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ቆመ።

«የቆረጡት ድምፄን ነው ፊቴን?»

«ድምፅህን። ምስሉን ተጠቅሜበታለሁ ብላለች፤ የቱን እንደሆነ ግን አላውቅም። ፊትህ ይሁን እጅህ፣ አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲህ እናያለን» አለና ባርኔጣውን አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። የፈለገው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ማይክራፎኑን ደረቱ ላይ ዝቅ አድርጎ መያዙም ትዝ አለኝ።

በእትዬ ቤትም ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። ልጃቸው ከሚስቱ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሪሞቱን አንስቶ ድምፅ ሊጨምር ሲል እትዬ «ተወው ልጄ» አሉት። እሱም የእናቱን ጠባይ ስለሚያውቅ ተወው። ፕሮግራሙ በአዳዲስ ፋብሪካዎች ጀመረ፤ ነጭ ቆብ ያደረጉ ልጆች ካሜራ እያዩ ይስቃሉ። ቀጥሎ የአባቴ ግቢ፣ ኮኩ፣ ኮቱና አርማው መጡ። እትዬ ወደ ፊት ጠጋ ብለው እንደ ቀልድ ማንበብ ጀመሩ። «ሥራ አይናቅ ይላል። ሰዓት ይከበር ይላል። ይሄን እንኳ ድሮም ይላል።» ልጃቸው ሳቀ።

ከዚያ ምስሉ የአባቴን እጅ አሳየ። ማይክራፎኑን የያዘውን እጅ፣ የደም ሥሩን፣ ጥፍሩን። እጁ ረጅም ጊዜ ቆየ። ቀጥሎ የድሮ ማሽን ፎቶግራፍ መጣ። አለቀ ብዬ አባቴን አየሁት፤ እሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም። ፎቶግራፉ ሄደና ፊቱ ተመለሰ፣ ስክሪኑን ሞልቶ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተማሪዬ ያንን ፊት መጣል አልቻለችም ነበር። የሚያለቅስ ሽማግሌ ሙዚቃ ሲገባበት ልብ ይነካል፤ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ንግግሩ የጠፋ መስሏታል።

እትዬ መሳቃቸውን አቆሙ። የአባቴ አፍ ስክሪኑ ላይ ተከፈተ፤ የእሳቸውም ከንፈር አብሮ ስሙን ሲጠራ አየሁ፣ ያለ ድምፅ።

«ጠራው» አሉ። ከዚያ ድምፅ አውጥተው፣ ቃል በቃል፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አነበቡ። «በሕመም አልሞተም። ጠጥቶ አልነበረም። የማሽን ቺንጊያ ነው የወሰደው። እንግዳ ስለነበረ ማሽኑ አልቆመም።»

ወዲያው ምስሉ ባንዲራ ይዘው ወደሚሮጡ ሕፃናት ተቀየረ። አባቴ ስለ ራሱ የተናገራት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ተቆርጣለች። አባቴ ወደ እትዬ ዞረና ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ አንድ ነገር ተናገረ፤ ያቺን ያላለፈችውን ይመስለኛል። እሳቸውም በከንፈራቸው መለሱለት። ምን እንዳሉት አላወቅሁም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ወሬ የተማርኩት ነይ፣ ሂጂና ብይ የሚሉትን ብቻ ነው።

ልጃቸው ቀና ብሎ አባቴን አየው።

«አባባ፣ ጠጥቶ አልነበረም?»

«አልነበረም» አለ አባቴ።

«ስነግርህ አልኖርኩም?» አሉ እትዬ። «ስንት ዘመን ነገርኩህ።»

«አንቺማ ነግረሽኛል» አለ ልጁ። ዕድሜው አርባን አልፏል፤ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስክሪኑን ያያል። «አሁን ግን በቴሌቪዥን ተነገረ።»

አስተማሪነቴ ተነሳብኝ። በቴሌቪዥን አልተነገረም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የሰማኸው ያንኑ ሁልጊዜ የነገሩህን፣ እናት ሌላ ምን ትላለች ያልካቸውን እናትህን ነው፣ ልለው ነበር። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ፕሮግራሙን በስልኬ ከነድምፁ አየሁት። በአባቴ ፊት ላይ የተማሪዬ ትረካ፣ የልፋታቸውን ፍሬ በማየታቸው የደስታ እንባ ያነባሉ ይላል። አገሩ ሁሉ የሰማው ያንን ነው። ይህን ሁሉ ቁጭ አድርጌ ላስረዳው እችል ነበር፤ ሥራዬ ነው። ግን እዚያ ሶፋ ላይ የልጃቸውን ፊት ሳየው አፌን ገጠምኩ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

«ድጋሚው መቼ ነው?» ብሎ እዚያው ሶፋው ላይ እንዳለ ጠየቀኝ።

ነገ ከሰዓት በኋላ ነው አልኩት።

በማግስቱ ከኮሌጁ ወጥቼ ስደርስ የእትዬ ሳሎን ሞልቷል። ጎረቤቶች፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከልጃቸው ጋር አየር ጤና የሚሠሩ ነጋዴዎች፤ በዚያ ሰፈር የሰውየውን ጉበት ሲያሙ የኖሩት ሁሉ ወይም ልጆቻቸው። አባቴ ጥግ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ፕሮግራሙ ሲጀምር ከኋላ አንድ ሰው ድምፅ ጨምሩልን አለ።

ልጃቸው ሪሞቱን ኪሱ ከተተው።

«ድምፁን ተዉት» አለ። «እናቴ ትነግራችኋለች።»